ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ ለመጀመሪያ ልጅ ክፍልና አልጋ፣ የሥራ ማስታወሻ፣ ሐዋሳ

መስከረም 20

ሐኪም የሰጠን ቀን ታኅሣሥ 5 ነው። 37 ሳምንት ከሞላ በኋላ ግን ምጥ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ስለሚችል ለሥራው የቆረጥነው ቀን ኅዳር 14 ነው። ከዛሬ 54 ቀን ይቀራል።

ዝርዝሩን በዋጋ ሳይሆን በሚፈጀው ጊዜ ደረደርነው። ጨርቅ ገንዘብ ካለ ባንድ ቀን ይገዛል። እንጨት ግን ባንድ ቀን አይደርቅም፤ ክረምት ያራሰው ግድግዳም በሳምንት አይደርቅም፤ የቫርኒሽ ሽታም በሦስት ቀን አይወጣም። ስለዚህ እንጨትና ግድግዳ ቀድመው፣ ቀለም ቀጥሎ፣ ጨርቅ መሐል ላይ። የአራስ ዱቄት ግን ቆይቶ መራራ ስለሚሆን መጨረሻ ላይ ነው።

ከሥራው ጋር እንዳይጋጩ የክትትል ቀናቱንም እዚሁ ጻፍናቸው፦ 30ኛው ሳምንት መስከረም 25፣ 34ኛው ጥቅምት 23፣ 36ኛው ኅዳር 7፣ 38ኛው ኅዳር 21። በእነዚህ ቀናት ምንም ሌላ ሥራ አይያዝም።

መስከረም 22

የአልጋ እንጨት ተገዛ፤ ዋንዛ ነው። በሲዳማ በየቡና ማሳው የሚበቅል ዛፍ በመሆኑ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ከባሕር ዛፍ ይልቅ አይጣመምም። የተገዛው 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ስፋት፣ 3.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ 4 ፍሬ፣ ለእግር ደግሞ 1 ሞራሌ ነው። የዚህ ወር ጣውላ ክረምቱን ዝናብ ሲመታው የከረመ ነው፤ ሻጩ ደረቅ ነው ቢልም እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል፣ ሲላግም መላጩ እየተጠቀለለ ይወጣል እንጂ አይሰበርም። እርጥብ ነው ማለት ነው።

እርጥብ እንጨት ለልጅ አልጋ የማይሆነው ከተሠራ በኋላ ስለሚኮማተር ነው። መገጣጠሚያው ይላላል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት መስፋቱ ነው። የሕፃን ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ክፍተቱ ከ6 ሴንቲ መብለጥ የለበትም።

ዘንጎቹን አሁኑኑ ከልክ በላይ አድርገን ቀደድናቸው። የሚፈለገው 3 በ2 ሴንቲ ነው፣ የተቀደደው 3.4 በ2.4። ቀጭን እንጨት ከሙሉ ጣውላ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ቢጣመምም የሚላግ ትርፍ አለው። ከአንድ ጣውላ 42 ዘንግ ይወጣል፣ የሚያስፈልገውም 42 ነው። ቋጠሮ ያለበትና የተሰነጠቀ መጣሉ ስለማይቀር ከሁለተኛው ጣውላ 8 መለዋወጫ ቀደድን። የቀረው ዘንጎቹን ከላይና ከታች ለሚይዙት አግዳሚዎች፣ ለመስቀለኛዎቹ ነው።

አደራረቡ፦ ከመሬት 40 ሴንቲ ከፍ ብሎ በብሎኬት ላይ፣ በየ50 ሴንቲው ማለያያ እንጨት ገብቶበት፣ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዋንዛ ከጫፉ ይሰነጠቃል። የጣውላዎቹን ጫፎች በተረፈ ዘይት ቀለም ቀባናቸው፤ ውኃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ነው።

ለመለኪያ 30 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ተቆርጦ፣ ጫፎቹ ተቀብተው፣ በወጥ ቤት ሚዛን ተመዘነ፦ 872 ግራም። በየሦስት ቀኑ ይመዘናል። መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

መስከረም 24

ክፍሉ 3 በ3.5 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ 40 ሴንቲ ድረስ ቀለሙ አብጧል፤ ጥግ ላይ ሻጋታ አለ። ቀለም ከመግዛት በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። 50 በ50 ሴንቲ የሆነ ላስቲክ አራት ጎኑን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈን 24 ሰዓት ተውነው። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ውኃው ከግድግዳው ነው፤ በላስቲኩ ፊት ላይ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። የእኛ ከሥር ነው።

ምክንያቱ ከውጭ ተገኘ። ክረምቱን ጎርፍ ያመጣው አፈር ከግድግዳው ሥር ተከምሮ ከቤቱ ወለል በ15 ሴንቲ በልጧል። አፈሩ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ግድግዳውን ያጠጣዋል። ይህ ሳይነሳ በስቱኮና በቀለም መሸፈን ገንዘብ መጣል ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ ያብጣል፣ ያኔ ደግሞ ሕፃኑ ክፍሉ ውስጥ ነው። አፈሩ ተዛቀ፤ 30 ሴንቲ ስፋት፣ 25 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ወደ መንገዱ በኩል አዘንብሎ ተቆፈረ፣ ጠጠር ተሞላበት።

ከውስጥ ያበጠው ቀለም ተፋቀ። ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር አትሥራው፣ ክፍሉም ውስጥ አትሁን። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በእናት ደም በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። እንዳይበን በውኃ እያረጠቡ መፋቅ፣ ፍርፋሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት፣ የሠራው ሰውም ልብሱን ለብቻው ማጠብ አለበት። ሻጋታው 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ተጠረገ። በረኪና ከአሲድም ሆነ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይደባለቅም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

መስኮቱ ቀን ቀን ተከፍቶ ይቆያል። ላስቲኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለጠፋል።

መስከረም 25

ክትትል። ደም፣ ሽንት፣ የደም ግፊት ታየ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተሟልቷል። የብረት ኪኒኑ ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድም፣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ከብርቱካን ጋር ይሻላል።

ጥቅምት 1

የቁራጩ ክብደት፦ መስከረም 25 ቀን 846፣ በ28 ቀን 824፣ ዛሬ 806። ገና ነው።

በዚህ ጊዜ የአጎበሩ ሥራ ተጀመረ። ወባ በአገራችን የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ናት። ነፍሰ ጡርን ወባ ሲይዛት ደሟ ይቀንሳል፣ ልጁም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ አጎበር ልጁ እስኪወለድ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም፤ የእናትየው አልጋ ላይ ዛሬ ማታ ይዘረጋል።

አዲስ አጎበር ከመድኃኒቱ ጋር ታሽጎ ስለሚመጣ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ለ24 ሰዓት ተዘርግቶ ይናፈሳል። ሲታጠብ በተራ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውኃ፤ በረኪና አይነካውም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ይገድሉታል። የመስኮቶቹ ሽቦ ወንፊት ሦስት ቦታ ተቀዶ ስለነበር ሙሉውን ቀየርነው። ቀዳዳን በክር መስፋት ይቻላል፣ ከፍሬሙ ጋር ያለው ክፍተት ግን ካልተደፈነ ዋጋ የለውም። ግቢ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ተወሰዱ፤ ውኃ የሚይዝ ማንኛውም ዕቃ በየሳምንቱ ይደፋል። የወባ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ስለሚፈጅባት በሳምንት አንድ ቀን መድፋት ይበቃል፣ መዝለል ግን አይቻልም።

ጥቅምት 8

ላስቲኩ ተለጠፈ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደረቅ ነው። ስቱኮ ተቀባ፣ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ።

የግድግዳው ቀለም ሒሳብ፦ ዙሪያው 13 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7፣ 35 ካሬ ይሆናል፤ በርና መስኮት 4 ካሬ ሲቀነስ 31። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 62 ካሬ ነው፤ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን 2 ጋሎን ይበቃል። ፕላስቲክ ቀለም የተመረጠው በውኃ ስለሚቀጥን ነው፤ ዘይት ቀለም በአኳራጅ ሲቀጥን ሽታው ለሳምንታት አይለቅም። መጀመሪያ ጣራ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ በሁለቱ ቅብ መካከል 6 ሰዓት።

ጥቅምት 10

ክብደት፦ ጥቅምት 4 ቀን 794፣ በ7 ቀን 787፣ ዛሬ 785። ቆሟል። እንጨቱ ወደ ሥራ ይገባል።

የአልጋው ልክ ከፍራሹ ተነስቶ ነው የሚወጣው፣ በተቃራኒው አይደለም። ፍራሹ 60 በ120፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ ነው። በእጅ ሲጫኑት ወዲያው የሚመለስ መሆን አለበት፤ የሚሰምጥ ፍራሽ የሕፃኑን አፍንጫ ያፍናል። የአልጋው ውስጥ 62 በ122 ነው፤ በፍራሹና በእንጨቱ መካከል ከ3 ሴንቲ በላይ ክፍተት እጅና እግር ያስይዛል።

እግሮች፦ 4፣ 5 በ5፣ ቁመት 95።
ረጅም መስቀለኛ፦ 4፣ ስፋት 7፣ ውፍረት 3፣ ርዝመት 128 (122 እና በሁለቱ ጫፍ 3፣ 3 ሴንቲ ወንዴ፣ ማለትም እግሩ ውስጥ የሚገባ ምላስ)።
አጭር መስቀለኛ፦ 4፣ በተመሳሳይ ስፋትና ውፍረት፣ 62 ብቻ፤ በቡሎን ስለሚታሰር ወንዴ የለውም።
ዘንግ፦ 42፣ ርዝመት 63 (60 የሚታይ፣ በሁለቱም ጫፍ 1.5 የሚገባ)።

ረጅሞቹ ጎኖች በኮላ ለዘለዓለም ይጣበቃሉ። አጫጭሮቹ በ8 ሚሊ ቡሎን የሚታሰሩት በምክንያት ነው፦ አልጋው ሲቆም ስፋቱ 72 ሴንቲ፣ የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ 70 ነው። ሳሎን ውስጥ ተገጣጥሞ ያለቀ አልጋ በር ላይ ቆሞ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

ጥቅምት 12

የዘንግ ክፍፍል። ብዙ አናጢ የሚሳሳትበት ቦታ በመሆኑ ሒሳቡን እንዳለ እንጽፈው። ረጅሙ ጎን 122 ነው። 14 ዘንግ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ፣ 42 ሴንቲ ይሆናል፤ የቀረው 80። ይህን ለ14 ማካፈል ስሕተት ነው፤ 14 ዘንግ ሲቆም ክፍተቱ 15 ነውና። 80 ለ15፣ 5.3 ሴንቲ። በ13 ዘንግ ቢሠራ 5.9 ይመጣል፣ ከ6 በታች ነው፣ ይሆናል የሚል ይኖራል። አይሆንም። እያንዳንዱ ዘንግ በበጋው ደረቅ አየር 2 ሚሊ ቢኮማተር ክፍተቱ ከ6 ያልፋል። በ14ቱ ግን ያው 2 ሚሊ ቢቀንስ እንኳ 5.5 ላይ ይቆማል። አጭሩ ጎን 62፣ በ7 ዘንግ 8 ክፍተት፣ 5.1 ሴንቲ።

የላይኛውና የታችኛው መስቀለኛ ጎን ለጎን በሞርሳ ታስረው ምልክቱ ባንድ ላይ ይሰመራል። ለየብቻ ከተለኩ የግማሽ ሚሊ ስሕተት 14 ጊዜ ይደመርና የመጨረሻው ዘንግ ተንጋዶ ይቆማል። ልኬቱም ከዘንግ ወደ ዘንግ እየተቆጠረ አይሄድም፤ ሁልጊዜ ሜትሩ ከአንድ ጫፍ ይነሳል፦ 5.3፣ 8.3፣ 13.7፣ 16.7 እያለ።

ቀዳዳው መጀመሪያ በትራፓኖ በ10 ሚሊ ይበሳል፣ 1.5 ሴንቲ ጥልቀት ላይ እንዲቆም መብሻው ላይ ፕላስተር ይጠመጠማል፤ ከዚያ ጎኑ በመሮ ይስተካከላል። ከ84ቱ ቀዳዳዎች 6ቱ ሰፍተው ወጡ፤ መሮው ሲደንዝ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይገነጥለዋል። በየ10 ቀዳዳው መሳል ግድ ነው። የሰፉት በዋንዛ መላጭና በኮላ ተሞልተው በማግስቱ እንደገና ተበሱ።

ጥቅምት 15

ኮላ። 14 ዘንግ ባንድ ጊዜ ማስገባት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የእንጨት ኮላ በዚህ ሙቀት በ10 ደቂቃ መያዝ ይጀምራል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ተሠራ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ። በሞርሳ ከመጥበቁ በፊት ሁለቱን ሰያፍ በሜትር መለካት ያስፈልጋል፤ እኩል ካልሆኑ ጎኑ ተንጋዷል። የእኛ 7 ሚሊ ልዩነት አሳየ፣ ረጅሙን ሰያፍ በሞርሳ ስቦ እኩል ማድረግ ተቻለ። 24 ሰዓት አይነካም።

ከቁርጥራጭ 6 በ6 በ6 ሴንቲ የሆነ ብሎክ ተሠርቶ በየክፍተቱ ተሞከረ። የትም አላለፈም። ይህ ብሎክ አይጣልም፣ በበጋው መጨረሻ ይደገማል።

ጥቅምት 18

የፍራሹ መደርደሪያ ሁለት ቦታ ይታሰራል። የላይኛው ከፍራሹ ፊት እስከ አልጋው ጠርዝ 30 ሴንቲ የሚተው ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ እናት ጎንበስ ሳትል እንድታነሳ። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ደግሞ ይህ ከፍታ ብዙ ያግዛል። ልጁ በእጁ ተደግፎ መነሳት ሲጀምር፣ 5 ወር አካባቢ፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ያኔ 60 ሴንቲ ነው። መደርደሪያውን በምስማር መምታት ቀላል ነበር፣ ግን አይወርድም። ስለዚህ እዚህም ቡሎን።

የእግሮቹ ጫፍ ከመስቀለኛው በላይ እንዳይወጣ እኩል ተቆረጠ፤ የወጣ ጫፍ ልብስ ይይዛል፣ ልብሱ አንገት ያንቃል። ማዕዘኑ ሁሉ በመላጊያ ተሞርዶ በ120፣ ከዚያ በ240 ብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። የመጨረሻውን ፍተሻ የሚሠራው አሮጌ የናይለን ካልሲ ነው፦ እጅ ውስጥ ተደርጎ እንጨቱ ላይ ሲሄድ ስንጥር ካለ ይይዘዋል። ዓይን ያላየውን አራት ስንጥር አገኘ።

ጥቅምት 20

በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ፣ ሦስት ስስ ቅብ፣ በየመካከሉ 4 ሰዓት። የመጀመሪያው ቅብ የእንጨቱን ጭረት ያቆመዋል፣ ሻካራ ይሆናል፤ አለመደንገጥ ነው፣ በ240 ቀለል አድርጎ መፈግፈግ ይበቃዋል። በእጅ ሲነካ በሰዓታት ይደርቃል፣ ሽታው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ እስከ ኅዳር 13 ይቆያል።

ጥቅምት 26

የሽንት ጨርቅ። 150 ሴንቲ ስፋት ያለው አቡጀዴ 12 ሜትር፤ በ75 በ75 ሲቆረጥ 32 ይወጣል። ሲታጠብ ተሸብሽቦ ወደ 70 ይወርዳል። አዲስ አቡጀዴ ውኃ አይመጥም፣ ፋብሪካው ያጠነከረበት ሙጫ አለውና፤ ሳይታጠብ የታሰረበት ሕፃን ሽንቱ በጎን ይፈስሳል። በሙቅ ውኃ 4 ጊዜ ታጠበ። ጠብታ ውኃ ሲጣልበት እንደ ዶቃ መቆሙን ትቶ ወዲያው ከጠጣ አልቋል። በአራተኛው ጠጣ።

ኅዳር 7

36ኛው ሳምንት፣ ክትትል። የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ነው።

እግረ መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ለተሰለፈ ሁሉ አንድ ነገር፦ የዓሣ ሾርባና በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ምግብ ነው። ጥሬ ዓሣውም ጥሬ ሥጋውም ግን ከወሊድ በኋላ ይደረስበታል።

ኅዳር 9

ቅቤ ማንጠር። 5 ኪሎ ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ በሰፊ ድስት፣ በዝግተኛ እሳት። ቅመሙ፦ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ አብሽና እርድ፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ቀድመው፣ ደረቁ ቅመም አረፋው ከተገፈፈ በኋላ ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ቅቤውንም ያመርረዋል።

መቼ እንደሚወርድ የሚናገረው ድምፁ ነው። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ትልልቅ አረፋ ይተፋል፤ ይህ ውኃው ነው። ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ይሄድና ዝናብ ሲያባራ እንደሚሰማው ሆኖ ፀጥ ይላል። አረፋው ጥቃቅን ይሆናል፣ ማንኪያ ሲገፋው የድስቱ ታች ይታያል፣ አተላው ወርቃማ ሆኖ ተቀምጧል። ያኔ ይወርዳል፤ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ አተላው ይጠቁራል። ውኃው ሳያልቅ የወረደ ደግሞ በወሩ ይሻግታል። ከ5 ኪሎው 4 ኪሎ የሚጠጋ ተገኘ። በደረቅ ዕቃ፣ በደረቅ ጭልፋ ብቻ።

ቅቤው ለእናት ነው። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማስላስ የቆየ ልማድ ቢሆንም ለሕፃኑ አደገኛ ነው፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውኃም ቢሆን አይሰጥም። ይህን ለእናቶቻችን ከአሁኑ በአክብሮት መንገር ይሻላል፤ በወለደች ማግስት ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ለመከራከር አይመችም።

ኅዳር 11

ዱቄት። ለአጥሚት 3 ኪሎ አጃ፣ 2 ኪሎ ገብስ፣ 1 ኪሎ ስንዴ፤ ተለቅሞ፣ ለየብቻ ታምሶ፣ ባንድ ላይ ተፈጨ። ለየብቻ የሚታመሰው አጃ ከገብስ ቀድሞ ስለሚያርር ነው። ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ነው፤ እንዳለ ከተከደነ ላቡ ያሻግተዋል። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ቡላ 3 ኪሎ ተጨምሯል። የቡላ ገንፎ ዱቄቱ በቀጥታ በፈላ ውኃ ላይ ከተጣለ ይጓጉላል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ከዚያ በፈላው ላይ እየተማሰለ ይፈስሳል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ በዚህ ቀን ቆሻሻ ማቃጠል ልማድ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ በየግቢው ጭስ ይነሳል። የታጠቡት ጨርቆች ከ7 ሰዓት በፊት ከገመድ ወረዱ፣ የክፍሉ መስኮት ተዘጋ፣ በረንዳ ላይ ያለው አልጋ ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ አዲስ ቫርኒሽና ስፖንጅ ጭስ ከጠጡ ሽታው አይለቅም።

ከዚህ ወር ጀምሮ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከሰል አራስ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ ፍም ቢሆንም፣ ጭሱ ቢያልቅም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ልጁን የሚያሞቀው የእናት ደረት፣ ኮፍያና ደረብ ያለ ልብስ ነው።

ኅዳር 14

አልጋው ገባ፣ 16 ቡሎን፣ 25 ደቂቃ። በርና መስኮት ተዘግቶ አደረ፤ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ሰው የሚያሸትት ነገር የለም። ከመስኮቱ 1 ሜትር ራቀ፣ የመጋረጃ ገመድ አጠገቡ የለም። ውስጡ ፍራሽና አንድ ጥብቅ አንሶላ ብቻ ነው፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይገባም። ልጁ የሚተኛው በጀርባው ነው። አጎበሩ ከጣራ በመንጠቆ ወርዶ ከፍራሹ ሥር ይታጠፋል፤ እጁ ላይ እንዳይወድቅ ተወጥሯል።

ኅዳር 19

ቦርሳው በሩ አጠገብ ነው፦ የክትትል ካርድ፣ መታወቂያ፣ ነጠላ 2፣ ጋቢ፣ ሞዴስ፣ ፎጣ 3፣ የሽንት ጨርቅ 10፣ የልጅ ልብስና ኮፍያ 3፣ ፔርሙዝ፣ ሳሙና፣ ትንሽ ሳፋ። የእናትየው የደም ዓይነትና ደም ሊሰጡ የተስማሙ ሁለት ሰዎች ስልክ በወረቀት ተጽፎ ካርዱ ውስጥ ገብቷል፤ የስልክ ባትሪ በዚያች ሰዓት አይታመንም። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ምጥ ሳይጠበቅ ይኬዳል።

ሮቶው ሞልቷል፣ 500 ሊትር። ጨርቅ ማጠብ በቀን ከ30 ሊትር ያላነሰ ይወስዳል፤ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ይህ የሚያቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ነው፣ ለሌላ ካልተነካ።

ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወደ መውለጃው የሚወስደው የባጃጁ መንገድ ተሞከረ። ቀን 11 ደቂቃ የሚፈጀው 9 ፈጀ፣ ነገር ግን የተቀጠረው ባለ ባጃጅ ስልኩን ያነሳው በሦስተኛው ጥሪ ነው። ሁለተኛ ባለ ባጃጅ ተይዟል፣ ቤቱ ከእኛ ሦስት በር አልፎ ነው።